አዲሱ ዊንዶውስ ይጫን ወይስ ይቅር?

በዛሬው «ቴክኖሎጂና ኑሯችን» አምዳችን ከብዙዎቻችሁ በተደጋጋሚ የቀረበልንን አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቤታችን ያለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። ጊዜው አልፎበታል ይሉናል። ገዳሪፍ ወስደን ዊንዶውስ 11 እናስጭንበት ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?»

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን ለማስጫኛ የሚከፈለው ጊኔ ዘመድ ከውጭ የላከው፣ ወይም በሰሊጥ አጨዳ በፀሐይ ተቃጥሎ የተገኘ ገንዘብ ነው። ላፕቶፑም ቢሆን የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ጎረቤት ማመልከቻ ይጽፍበታል፣ ተማሪ እንግሊዝኛ ያጠናበታል፣ ልጆች ፊልም ያዩበታል። ከሁሉም በላይ ግን በውስጡ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ እንዲሁም ጥለናቸው የመጣናቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ተቀምጧል። ዋናው ወረቀት ከድንበር ማዶ ቀርቶ በእጁ ያለው ኮፒው ብቻ የሆነ ሰው ከመካከላችን ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ መልሳችንን ከወዲሁ እንናገርና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናስረዳ። ለአብዛኞቻችን መቸኮል አያስፈልግም። ማሽኑ የሚችል ከሆነና ኢንተርኔት የምትጠቀሙበት ከሆነ ዊንዶውስ 11 ቢጫን ጥሩ ነው። ማሽኑ የማይችል ከሆነ በግድ ለማስጫን ገንዘብ አትክፈሉ። በሁለቱም መንገድ ግን ማንም ሰው ላፕቶፑን ከመንካቱ በፊት ወረቀታችሁና ፎቶግራፋችሁ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

«ጊዜው አለፈ» ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ ኮምፒዩተር ብዙም ለማያውቁ እናቶችና አባቶች በአጭሩ እንግለጽ። ዊንዶውስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ኮምፒዩተሩን ከማብራት ጀምሮ ፋይል እስከማስቀመጥ ድረስ ሁሉንም ሥራ የሚያስተዳድር ዋናው ፕሮግራም ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች በእሱ ላይ ተደግፈው ይሠራሉ፤ ምሰሶው ከሌለ ራኩባው አይቆምም እንደማለት ነው።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በጁላይ 29 ቀን 2015 ወጣ። ሠሪው ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ መደበኛ ነፃ ጥገናውን አቆመ። በዚያን ቀን ግን የማንም ላፕቶፕ አልጠፋም። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬም ይሠራል። የቆመው ማይክሮሶፍት በየወሩ ይልከው የነበረው የደኅንነት ጥገና ነው። በአጥር ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው ሰው ቀረ ማለት ነው።

ቀዳዳ ሳይደፈን ሲቀር ምን እንደሚመጣ በሜይ 2017 ዓለም ሁሉ አይቷል። ዋናክራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በ150 አገሮች ያህል ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ «ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» አለ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጎለ። የሚያስገርመው ግን ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን ጥገና ከሁለት ወር በፊት በማርች 2017 አውጥቶት ነበር። የተጠቁት ጥገናውን ያልጫኑት ናቸው። እንግዲህ አዲስ ዊንዶውስ መያዝ ብቻውን አያድንም፤ ጥገናው በየጊዜው መግባት አለበት።

ታዲያ እኛን ምን ያህል ያሰጋናል? ኮምፒዩተሩ ኢንተርኔት የሚገባ፣ ኢሜይልና የገንዘብ ጉዳይ የሚሠራበት ከሆነ በጣም ያሰጋል። ኢንተርኔት ሳይነካው መጻፊያና ፊልም ማያ ብቻ ከሆነ አደጋው ያነሰ ነው። በካምፕ ውስጥ አብዛኛው ቫይረስ የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ነው። ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ ማን አለ? እንዲህ ያለው ቫይረስ ያገኘውን ሁሉ የሚከፍት ሰው ካገኘ ዊንዶውስ 11ም ላይ ይገባል።

ሁለት ነገር ደግሞ እንጨምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ጥገና አዘጋጅቷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒዩተሩን ሴቲንግ ባካፕ ለሚያደርግ ሰው ያለ ክፍያ፣ ካልሆነም በ30 ዶላር የሚሰጥ ነው። ከዚህ ሌላ በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው ዲፌንደር የተባለው ፀረ ቫይረስ እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለይበት መረጃ እንደሚላክለት ኩባንያው አስታውቋል። «ዛሬውኑ ካልቀየራችሁ አለቀላችሁ» የሚላችሁ ሰው ካለ ነገሩን አጋኖታል።

ከዚህ በፊት አዲስ ሲመጣ ምን ሆነ?

ያለፈውን ማየት ይጠቅማል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ የኛ ፊደል አብሮት አልመጣም። አማርኛ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ እናስጭን ነበር። እነዚያ ፕሮግራሞች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ነገር ግን በፈረንጅ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ቅርፅ ስለሚያስቀምጡ፣ ጽሑፉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይሆናል። የዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው።

ከዚያም በጃንዋሪ 30 ቀን 2007፣ ከሚሊኒየማችን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ዊንዶውስ ቪስታ ለሽያጭ ቀረበ። ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነበር። ይሁን እንጂ ቪስታ ከባድ ነበር። ቢያንስ 512 ሜጋባይት ራም ይጠይቃል፣ መልኩ በሙሉ እንዲታይ ደግሞ 1 ጊጋባይት። ያኔ በብዙ ሰው እጅ የነበረው ኮምፒዩተር ይህን አይችልም። «ለቪስታ ብቁ» የሚል ተለጣፊ የተለጠፈባቸው አንዳንድ ማሽኖች እንኳ የሚችሉት ዝቅተኛውን እትም ብቻ ሆኖ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ አስነስቷል። ብዙ ሰው ቪስታን አጥፍቶ ወደ ኤክስፒ ተመለሰ።

ዊንዶውስ 8 ደግሞ በኦክቶበር 2012 መጣ። ሰው ሁሉ የለመደውን የስታርት ቁልፍ አንስቶ በቦታው ባለቀለም ሰድር መሳይ ገጽ አስቀመጠ። ተጠቃሚው ስላማረረ ቁልፉ በ2013 በ8.1 ተመለሰ፤ የስታርት ዝርዝሩም በዊንዶውስ 10 ተመለሰ።

ከነዚህ ታሪኮች ሁለት ጥያቄዎችን እንወስዳለን። አንደኛ፣ አዲሱ ለሥራዬ ምን ይጨምርልኛል? ሁለተኛ፣ ማሽኔ ይችለዋል? መልክ ይመጣል፣ መልክ ይሄዳል። በመልክ ብቻ ገንዘብ ማውጣት ለኛ ኑሮ አይሆንም።

ዊንዶውስ 11 ምን ይሰጣል? ምን ይጠይቃል?

ዊንዶውስ 11 በኦክቶበር 5 ቀን 2021 ወጣ። የስታርት ቁልፉ ወደ መሐል ተዛውሯል፣ የመስኮቶቹ ጠርዝ ክብ ሆኗል፣ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ የሚወጣው ዝርዝር አጥሯል። ቁልፉ መሐል መሆኑ ያላስደሰተው ሰው ከሴቲንግ ውስጥ ወደ ግራ ሊመልሰው ይችላል። ለፊደላችን ግን እንደ ቪስታ ያለ አዲስ ስጦታ የለውም። በዊንዶውስ 10 አማርኛ እየጻፈ ያለ ሰው በ11 የሚያገኘው ያንኑ ነው። ዋናው ጥቅሙ የደኅንነት ጥገናው መቀጠሉ ነው።

የሚጠይቀው ይህ ነው፦ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ እና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር። ብዙዎቻችንን የሚጥለን ይኸኛው ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። ለማወቅ ስታርት ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። ከአይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 8250 ከሆነ በ8 ስለሚጀምር 8ኛ ትውልድ ነው። 6200 ከሆነ 6ኛ ስለሆነ አይፈቀድለትም። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራምም ይችላል ወይም አይችልም ብሎ ይነግራችኋል።

«ግድ የለም፣ እኔ መንገድ አውቃለሁ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እውነት ነው፣ ፍተሻውን ዘሎ መጫን ይቻላል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟሉ ማሽኖች ጥገና ለመስጠት ዋስትና የለኝም ብሏል። እንግዲህ አስቡት፤ የምንቀይረው ለጥገናው ብለን አይደል እንዴ? ጥገናው ዋስትና ከሌለው የተከፈለው ለመልኩ ብቻ ነው። ያውም ያረጀው ማሽን አዲሱን ተሸክሞ ያዘግማል።

ሌላም እወቁ። በሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ለሚሠራና መስፈርቱን ለሚያሟላ ማሽን ዊንዶውስ 11 በነፃ ነው። ሱቅ ውስጥ የምትከፍሉት ለእጅ ሥራና ለኢንተርኔት እንጂ ለዊንዶውሱ አይደለም። ሱዳን ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች ሕጋዊ ሶፍትዌር ገዝቶ ማስገባት ከባድ ነበር፤ ስለዚህ የተቀዳ ሲዲ የተለመደ ሆነ። ለግል መገናኛ የሚሆኑ ሶፍትዌሮች በፌብሩዋሪ 2015 ተፈቀዱ፣ አብዛኛው የንግድ ማዕቀብም በኦክቶበር 2017 ተነሳ። ልማዱ ግን አልተነሳም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኮፒ ቫይረሱን ከነነፍሱ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ባለሙያውን «ፋይሉን ከየት አወረድከው?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የኛ አገር ሁኔታ

እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ኔትዎርክ ይሄዳል፣ መንገድም ይሄዳል። በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ብሷል። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ የዜይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን መስመሮች በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ጠፍተው ሰው ሁሉ ሐዋላ መቀበል እስኪያቅተው ድረስ ተቸግሯል። በኸሪፍ ጊዜ ደግሞ የገዳሪፍ ዋልካ ጭቃ መኪና ይዞ ስለሚያስቀር ከካምፕ ወጥቶ ባለሙያ ማግኘት የማይቻልበት ሳምንት አለ።

ይህ ከዊንዶውስ ጋር ምን አገናኘው? ያገናኘዋል። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ይህን ማውረድ የብዙ ቀን ካርድ ይበላል። በመጫን ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠና ባትሪው ደካማ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አልነሳም ሊል ይችላል። ለቤት የሚሆነው የዊንዶውስ 11 እትም በአዲስ መልክ ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ስለዚህ ማስጫን ያሰበ ሰው ከኸሪፍ በፊት ወይም ከመከር በኋላ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ የተረጋጋ ኔትዎርክ ባለበት ቦታ ያድርገው።

ሁለት አደጋዎች

አንደኛው ፎርማት ነው። ዊንዶውስ በሁለት መንገድ ይጫናል። በአሮጌው ላይ ሲጫን ፋይሎቹ በቦታቸው ይቆያሉ፤ ካልተመቻችሁም እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ነበረው መመለስ ይቻላል። ፎርማት ተደርጎ ሲጫን ግን በዲስኩ ላይ ያለው ይጠፋል። ለባለሙያ ፎርማቱ ይቀለዋል፣ ስለዚህ ካልነገራችሁት እሱን ሊመርጥ ይችላል። ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እያለ የተነሳው የልጃችሁ ፎቶ ለእሱ አንድ ፋይል ነው፤ ለእናንተ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ አዲስ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2024 ከወጣው 24ኤች2 ከተባለው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 በአዲስ መልክ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስኩን በራሱ በምስጢር ይቆልፋል። መክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ነው፤ የሚቀመጠውም በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። ለሌባ ጥሩ መከላከያ ነው። ነገር ግን አካውንቱን የከፈተው ባለሙያው በራሱ ኢሜይል ከሆነ መክፈቻው በእሱ እጅ ቀረ ማለት ነው። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ቢጠይቅና ባለሙያው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ፋይሉ ሁሉ እያለ እንደሌለ ይሆናል። ስለዚህ አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይል፣ በራሳችሁ የይለፍ ቃል ይከፈት። የይለፍ ቃሉንም ሆነ ባለ 48 አሃዙን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ምን እናድርግ?

ማሽኑ መስፈርቱን የሚያሟላና ኢንተርኔት የሚገባ ከሆነ ወደ 11 መቀየሩ ተገቢ ነው። በተለይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የወጣቶች ወይም የትምህርት ማዕከል ኮምፒዩተር ከሆነ አይዘግይ፤ አንዱ ሲያዝ ሁሉም ፍላሽ ይያዛልና።

ማሽኑ የማያሟላ ሆኖ ኢንተርኔት የማይገባ ከሆነ በዊንዶውስ 10 ይቆይ። የውጭ ፍላሽ ሲገባ በዲፌንደር ሳይፈተሽ አይከፈት። ለማስጫኛ ያሰባችሁትን ገንዘብ ሁለት ጥሩ ፍላሽ ግዙበት።

ማሽኑ የማያሟላ ሆኖ ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ ሊኑክስን እንድትሞክሩ እንመክራለን። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ነፃ ናቸው። ሚንት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ሊብሬ ኦፊስ የተባለው መጻፊያም የዎርድ ፋይሎችን ይከፍታል። የቆየው ፓወር ግዕዝ ግን እዚያ ላይ ስለማይሠራ፣ የድሮ ጽሑፍ ያላችሁ በድሮው ማሽን ላይ እያላችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት ወይም አትሙት። ይህን ምክር ወደ ዊንዶውስ 11 ለምትሄዱትም እንሰጣለን። የእድር መዝገብና የቆየ ደብዳቤ በዚያ ፎንት የተጻፈ ብዙ ነው።

ኮምፒዩተር የሌላችሁ ደግሞ «እኛን አይመለከተንም» አትበሉ። ስልክም ያው ነው። ዋትሳፕ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል። አሮጌ ስልክ የያዘች እናት ከልጇ ድምፅ በድንገት ልትቆረጥ ትችላለች ማለት ነው። ስልክ ስትገዙ ከካሜራው በፊት የአንድሮይዱን ቁጥር ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ በወረቀት ቆርጣችሁ የምትይዙት አጭር ማስታወሻ እነሆ፦

1. ወረቀትና ፎቶ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ። አንዱ ቤት፣ አንዱ ሌላ ቤት በታመነ ዘመድ እጅ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ኔትዎርክ ሲኖር ለራሳችሁ ኢሜይልም ላኩት።

2. ፍላሹ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ ፋይሎቹ መከፈታቸው ይታይ። ሳይከፈት «ተገልብጧል» አይባልም።

3. የፕሮሰሰሩን ቁጥርና ራሙን ከቤት አይታችሁ ሂዱ። ሱቅ ደርሳችሁ ከሌላ ሰው አትስሙ።

4. ባለሙያውን «ፎርማት ነው ወይስ በላዩ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አካውንቱን በራሳችሁ ስም አስከፍቱ።

5. ባለሙያው መታወቂያችሁንና ወረቀታችሁን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ለጊዜው ካስቀመጠ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በፊታችሁ ያጥፋው።

የሣር ክዳን የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ያወጣል፣ ከዚያ አሮጌውን ሣር ያነሳል። ዊንዶውስ መቀየርም ከዚህ የተለየ ብልሃት የለውም። ክዳኑ ሌላ ጊዜ ይገኛል፤ ከድንበር ማዶ የቀረ ማስረጃ ግን ሁለተኛ አይሰጥም።

ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ስጡን። ቸር እንሰንብት።